ማንነቱ ያልታወቀ ተሳፋሪ

እሠራበት የነበረው ክፍል መስኮት አልነበረውም። ቀኑን ሙሉ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች ፊቴ ላይ ሲንሳፈፉ ይውላሉ። አንዱ ሾፌር አፉን ከፍቶ ያዛጋል፤ ማዛጋቱ ግን አያልቅም። አንዷ ከንፈሯን ልትቀባ ቀለሙን አንሥታ እዚያው አየር ላይ ቀርታለች። አንድ ጎረምሳ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል፤ ምን እንደሚዘፍን እግዜር ይወቀው። የተቀጠርኩ ሰሞን ከሥራ ስወጣ መንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ሁሉ ያስደነግጠኝ ነበር።

ሰው "ካሜራው ቀጣኝ" ይላል። ካሜራማ ምን ያውቃል! ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ሥር ነው። በአስፋልቱ ውስጥ፣ ነጩ መስመር አጠገብ፣ የተጠቀለለ ሽቦ ተቀብሯል። መብራቱ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ሽቦው ተኝቷል፤ ሺህ መኪና ቢያልፍበት ግድ የለውም። ቀይ ሲበራ ይነቃል። ያን ጊዜ በላዩ ያለፈ መኪና ካሜራውን ይቀሰቅሳል። ካሜራው ሁለቴ ብልጭ ይላል፦ አንዴ መኪናው መስመሩ ላይ ሳለ፣ አንዴ መስቀለኛው መሀል ሲደርስ። ሁለት የሆነው "ኧረ እኔ ቆሜ ነበር" የሚል ስለማይጠፋ ነው። ከዚያ ማሽኑ ታርጋውን አንብቦ፣ ቀንና ሰዓቱን ጽፎ ይልክልናል። ትንሽ ጭቃ ካገኘ ግን ሦስትን ስምንት ብሎ ያነባል፤ ያልበደለ ሰው ቤት ደብዳቤ ሊልክ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሰው ያስፈልጋል። ያቺ ሰው እኔ ነበርኩ፤ አጣሪ ቁጥር ዐሥራ ሰባት።

ፎቶው ተቆራርጦ ነው የሚቀርብልን። ባንዱ በኩል ታርጋ፣ ባንዱ መብራት፣ ባንዱ ጎማና መስመር፣ ባንዱ የፊት መስታወት። ታርጋውን ፊደል በፊደል አመሳክራለሁ። መብራቱ ቀይ መሆኑን አያለሁ። መጨረሻ ላይ የተሳፋሪውን ፊት በግራጫ ሳጥን እሸፍናለሁ። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ያልተሸፈነ ፎቶ አንድ ቤት ገብቶ፣ ደብዳቤውን ሚስት ከፍታው የመጣውን ጣጣ የቢሮው ሰው እስከ ዛሬ እየተሳሳቀ ያወራዋል። ከሸፈንኩ በኋላ ተሳፋሪ በሚለው መስመር ላይ "ማንነቱ ያልታወቀ" የሚለውን እጫናለሁ፤ ያልቃል። በቀን ስድስት መቶ።

አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረን። የዘመድ መኪና ከመጣ እጅ አንሥቶ ለሌላ አጣሪ ማስተላለፍ ነው። በዘመዱ ፎቶ ላይ የሠራ ሰው ከዚያ ክፍል ይወጣል። እኔ እጄን አንሥቼ አላውቅም። ከዘመዶቼ መኪና ያለው አባዬ ብቻ ነው፤ አባዬ ደግሞ ቀይ አይጥስም።

አባዬ አርባ ዓመት መኪና መንዳት አስተምሯል። ተማሪዎቹ "ቀስ በሉ" ይሉት ነበር። ቢጫ ሳይበራ ይበራል ብሎ የሚቆም ሰው ነው። ውሻ እንኳን በሌለበት መንገድ ቀይ ካየ እጁን መሪው ላይ አርጎ፣ እንደ ፎቶ ተነሺ ቀጥ ብሎ ይጠብቃል። ልብስ ሰፊዋ እናቴ ከጎኑ ተቀምጣ ስትነጅሰው ነው የኖረችው። "በእግሬ ብመጣ ኖሮ እኮ ገብቼ፣ ሁለት ቀሚስ ቆርጬ ነበር" ትለዋለች። ከዚያ በእጇ አፏን ከድና ትስቃለች። በልጅነቷ የፊት ጥርሷ ተሰብሮ ስለነበር አፏን በእጇ ሳትከድን ስቃ አታውቅም፤ እኔም ወንድሜም ስትስቅ አፏን አይተን አናውቅም።

እናቴ ከሞተች ሁለት ወር ከምናምን ሲሆናት፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ አባዬ ቤት ሄድኩ። የስፌት ማሽኗ አጠገብ ተቀምጦ፣ መርፌው ሥር አንድ ወረቀት ዘርግቶ በማጉያ መነጽር ያያል። ቀና ሳይል ተናገረኝ።

"መጣሽ? ነይማ፣ ይሄንን ሳጥን ማንሣት ይቻላል?"

የኛ ቢሮ ደብዳቤ ነው። የሱ መኪና፣ የሱ ፊት፣ የበራ ቀይ መብራት። ከጎኑ ግራጫ ሳጥን። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

"አባዬ! አንተ? ቀይ ጥሰህ?"

"ጣስኩ እንጂ። ቅጣቱንም ደብዳቤው የመጣ ዕለት ከፍያለሁ፤ በሱ አትጨቅጭቂኝ።" ማጉያውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። "ከሐኪም ቤት ስንመለስ ነው፤ ያው የመጨረሻው ጊዜ። በጠዋት ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል። ቀይ በራ። እግሬን ፍሬን ላይ ሳደርግ፣ 'ዕድሜዬን ካንተ ጋር ቀይ መብራት ላይ ጨረስኩት፤ ዛሬ እንኳን ሂድ' አለችኝ። ሄድኩ። ብልጭ ሲልብን ሳቀች። ልጄ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ መኪናዋ በሳቋ ሞላች።"

"እና ለምንድነው ሳጥኑን…"

"አላየኋትማ! ዓይኔ መንገድ ላይ ነበር። ለተማሪ ሁሉ የማስተምረው እሱን አይደል? ሰማኋት እንጂ አላየኋትም።"

ወረቀቱን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች ሳየው እግርጌው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ "አጣሪ፦ 17" ይላል። ያንን ሳጥን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እናቴን፣ የወለደችኝን፣ ፊቷን ሸፍኜ "ማንነቱ ያልታወቀ" ብዬ አልፌአታለሁ። የአባቴን ታርጋ ፊደል በፊደል አመሳክሬ አንዴ እንኳን አላነበብኩትም፤ ከጎኗ ያለውን የሱን ፊትም ልብ አላልኩትም። ቁጥሩን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። መሸፈን መቼም ያውቅበታል እጄ።

"መዝገቡን የሚቃወም ሰው ዋናውን ፎቶ ያያል" አልኩት። "ግን ፎቶው በዘጠና ቀን ይጠፋል።"

"ደብዳቤው ላይ አለ፤ ቆጥሬዋለሁ" አለ። "ስድስት ቀን ቀርቶታል።"

ሐሙስ ቀን አባዬን ቢሮ ወሰድኩት። አቤቱታ የሚሰማው ባልደረባችን "አራት ነጥብ" ነው የሚባለው፤ እሱ ከተናገረ በኋላ የሚናገር ስለሌለ። አባዬ ለሠርግ የገዛውን ኮት ለብሷል። አራት ነጥብ እንደ ልማዱ ፊቱን ሳይፈታ ጠየቀው።

"መኪናው የርስዎ ነው?"

"የኔ ነው።"

"የሚነዱት እርስዎ ነዎት?"

"እኔው ነኝ።"

"መብራቱስ?"

"ቀይ ነው። እንደ በርበሬ።"

አራት ነጥብ መነጽሩን ገፋ አደረገ። "ታዲያ አባት፣ ምኑን ነው የሚቃወሙት?"

አባዬ ወረቀቱን አውጥቶ ጣቱን ከሳጥኑ በታች አሳረፈ። "ይሄን። 'ማንነቱ ያልታወቀ ተሳፋሪ' ይላል። ትታወቃለች። ባለቤቴ ናት።"

አራት ነጥብ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ደንቡ ስለሚል ብቻ ዋናውን ፎቶ ከፈተው።

የመጀመሪያው ላይ መኪናዋ መስመሩ ላይ ናት፤ እናቴ ወደፊት ጎንበስ ብላ በጣቷ መንገዱን ታሳያለች። ሁለተኛው ላይ መስቀለኛው መሀል ናቸው። ሁለት እጆቿን ወደ ጣራው ሰቅላለች፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሳሳ ያለው ፀጉሯ ይታያል። አፏ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የተሰበረው ጥርስ ሳይቀር። ከጎኗ አባዬ ቀጥ ብሎ፣ እጁን መሪው ላይ አርጎ፣ መንገድ መንገዱን ያያል። ከኋላቸው መንገዱ ባዶ ነው፤ የጠዋት ጭጋግ አለ፤ መኪናዋ መሬት የነካች አትመስልም። ሳቋ እዚያው ቆሟል። ስንት ደቂቃ እንዳየናት አላውቅም። አባዬ ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር፤ መቼ እንደተነሣ እሱም አላወቀ።

"ፎቶውን መውሰድ አይቻልም" አለ አራት ነጥብ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ተሳፋሪዋ ካልፈረመች አይወጣም። ቅዳሜም ይጠፋል።"

"አይቀመጥም? ዝም ብሎ እንኳን? እየመጣሁ ባየው?"

"የሚቀመጠው ስህተት የተገኘበት መዝገብ ነው፤ ዐሥር ዓመት። ይሄ ግን ስህተት የለውም። አጣሪው ተሳፋሪዋን የማያውቃት ከሆነ 'አይታወቅም' ማለቱ ትክክል ነው። ስህተት የሚሆነው ሊያውቃት የሚገባ ሰው ከነበረ ነው።" ይሄን ሲል ዓይኑን የደብዳቤው እግርጌ ላይ ወዳለው ቁጥር አወረደ። አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። መናገሩን ለኔ ተወልኝ።

ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ክፍሌ፣ ወንበሬ፣ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት ቁጥር የኔ ሆነው ይቀራሉ። አባዬ አሁንም ከስክሪኑ ዓይኑን አልነቀለም፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ሊጨርሳት ይመስል ያያታል።

"አጣሪዋ ልታውቃት ይገባ ነበር" አልኩ። "ዐሥራ ሰባት እኔ ነኝ። ልጇ ነኝ።"

አራት ነጥብ የስህተት መዝገብ መፈረሚያውን ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ፈረምኩ። እሱ የእናቴን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ እየጠየቀ ባዶው መስመር ላይ ጻፈ፤ አባዬ ለተማሪ እንደሚያስረዳ፣ ቀስ እያለ ነገረው። ጽፎ ሲጨርስ አባዬ ወደኔ ዞረ። የፈራሁት ይሄንን ነበር።

"ፊቷን አይተሽ ነው የሸፈንሽው?"

"አይቼ ነው፣ አባዬ። አላወቅኳትም።"

ቁጣውን ጠበቅኩ። እሱ ግን መልሶ ወደ ፎቶው ዞሮ ሁለት እጆቿ እንደተሰቀሉ አያት።

"እኔም አላውቃትም ነበር" አለ። "አርባ ዓመት ሙሉ ስትስቅ ያየሁት እጇን ነው።"