የማይነድ ጉድጓድ

እሳቱ ከሰነፈ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ምራቲቱ ክብሪት ጭራ ወደ ምድጃው ስታስጠጋ ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ አለና ድርግም አለ።

የግቢው አምስት አባወራዎች የኩሽና ትራፊያቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ጉድጓዱም አብላልቶ በቱቦ የማብሰያ ጋዝ ይሰጣቸዋል። ጠባቂዋ ምራቲቱ ናት። ልጣጩን ትከትፋለች፣ በውሃ ታቀጥናለች፣ ታማስላለች። እጇ ሳሙና የማያስለቅቀው ሽታ ይዟል።

«እስከ ቅዳሜ ካልነደደ እንደፍነዋለን» አላት ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር። «ሆዱ የተነፋ በሬ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ያገሳል።»

«ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ታገሥን እኮ! ሚስቴ በከሰል ጭስ ዓይኗ ሊጠፋ ነው።»

ጭሱን እሷም ታውቀዋለች። ጉድጓዱ ሳይቆፈር በፊት ስታስል ነበር የምታድረው። ከተደፈነ ወደዚያው መመለሷ ነው።

ቱቦውን ፈተሸች፤ አልተቀደደም። ክዳኑም ደህና ነው። በማግስቱ ጠዋት የትራፊውን ባልዲ ፍለጋ ስትወጣ፣ አማቷ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብለው ሲፈትጉት አገኘቻቸው። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«እማማ፣ በምንድን ነው የሚያጥቡት?»

«በበረኪና ነዋ! እጣቢውንም አልደፋውም፤ ውሃ ትፈልጊ የለ? እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ እጨምርልሻለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የሾፌሩ ሚስት ‹ምራትሽ ሸተተች› ካለችኝ ጀምሮ፤ ሁለት ሳምንት ይሆናል። ማን አባቱ ነው የኔን ልጅ ሸተተች የሚላት?»

ምራቲቱ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች። ትራፊውን የሚያብላሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው፤ በረኪናው ፈጅቷቸዋል። ልትቆጣ አሰበች። ቁጣ ግን ጉልበት ይፈልጋል።

«እማማ፣ በረኪናው ገደለው» አለች ብቻ።

አሮጊቷ ባልዲውን አስቀመጡና እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ።

ቅዳሜ ሾፌሩ አካፋ ይዞ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ምራቲቱ «ጥፋቱ የኔ ነው» ስትል አማቷ አቋረጧት።

«እሷን ተዋት፣ እኔ ነኝ የገደልኩት። ሚስትህ ሸተተች አለቻት፣ እኔ ደግሞ ባልዲዋን በበረኪና አጥቤ እጣቢውን እዚህ ጨመርኩት። ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ አካፋውን ለሚስትህ ስጣት።»

ጎረቤቱ ሳቀ። የሾፌሩ ሚስት አንገቷን ደፋች።

«ይድናል ወይ?» አለ ሾፌሩ ወደ ምራቲቱ ዞሮ።

«አብዛኛውን አውጥተን አዲስ እበት ከጨመርንበት ይድናል። ወር ይፈጃል።»

«ወር!» ጺሙን አከከ። «እሺ፣ አንድ ወር። ከዚያ በኋላ ግን አልሰማሽም።»

ክዳኑ ሲነሳ ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ምራቲቱ መደሰት እንዳለባት ታውቃለች። ግን ሠላሳ ቀን ከሰል አለባት፤ ሳሉ ከወዲሁ ደረቷን ቧጠጣት። እጅጌዋን ሰበሰበችና ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለች።