ሦስት ሞላ ላኩልኝ

ተሻገርን ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ከደከመ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ ከእጁ ነገር መቀማት ጀመረ። ሚስቱ ፀዳለ የታክሲውን ቁልፍ ደበቀችበት። እጁን የምታሠራው ቴራፒስት «ከዚህ እጅ ብዙ አትጠብቅ» አለችው። እራት ላይ ሥጋውን እንኳን የሚቆርጥለት ሌላ ነው። እሱም በፈረንጆቹ 2012 ማንንም ሳያማክር የባልጩት ጠመንጃ ኪት አዘዘ፤ ክፍሎቹን ቆራርጠው የሚልኩትን፣ ባለቤቱ ሞርዶና ገጥሞ የሚጨርሰውን።

ፍቅሩ የቆየ ነው። እዚሁ ፈረንጅ አገር ታክሲ ሲነዳ አንድ ተሳፋሪ ከቤቱ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ አጠገብ ወዳለ የተኩስ ክለብ አድርሶ፣ ቆሞ አየ። ድንጋይ ብረት መታ፣ እሳት ረጨ፣ ባሩዱ ቦግ አለ። ያን ቀን ሌላ ሰው አልጫነም። ብዙም ሳይቆይ አባል ሆነ።

የክለቡ ኃላፊ ግሌን ስለ ኪቱ ሲሰማ ጨነቀው።

«ተሠርቶ ያለቀ ጠመንጃ አለኝ፣ እሱን ውሰድ። ኪት ጤነኛውንም ያማርራል።»

«ተሠርቶ ያለቀ አልጠየቅኩህም» አለው ተሻገር።

ኪቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ደረሰ። ተሻገር እንጨቱንና ብረቱን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ያስቸገረው ሎኩ ነበር፤ ቃታው ሲሳብ ድንጋዩን አስፈንጥሮ እሳት የሚያወጣው ክፍል። ጉልበቱ ሁሉ ያለው የታጠፈ ሞላ ውስጥ ነው። ሞላውን በፒንሳ ጨምቆ ሊያስገባ ሲታገል ቀኝ እጁ ከዳው። ቀጭ! ስባሪው በርሮ ቁም ሳጥኑን መታ።

ፀዳለ ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ተው እንግዲህ! እጅህ አልቻለም፤ ምን እስክትሆን ነው የምትጠብቀው?»

«የተሰበረው ሞላው ነው፤ እጄ እዚህ አለች።»

መለዋወጫ ወደሚሸጠው ሱቅ ደወለ። «ሦስት ሞላ ላኩልኝ።»

«ሦስት?» አለች ሻጯ። «አንድ ሎክ የሚወስደው አንድ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ሌሎቹ የምሰብራቸው ናቸው።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ከዚያ በቁም ነገር፣ «በፒንሳ ነው አይደል የሰበርከው? ሞላ ጨምቃ የምትይዝ ትንሽ ሞርሳ አለች፤ እሷንም ልጨምርልህ» አለችው። ጨመረችለት።

አዲሱ ሞላ ጫፉ ወፍራም ስለነበር ቦታው አልገባ አለ። ተሻገር በንዴት ሞረዱን በአግድም ነዳው። አግድም ጭረት በሞላ ላይ ስንጥቅ እንደሚሆን ያወቀው፣ ገና ሲወጠር ከጭረቱ ላይ ለሁለት ሲከፈል ነው። ለቀናት ወደ ጠረጴዛው አልቀረበም፤ ፀዳለም ሰላም ወረደ ብላ እንጨቱን በጨርቅ ሸፈነችው።

አንድ ጠዋት ጨርቁን ገፎ ሌላ ሞላ አወጣ። በዚህኛው ሞረዱን በርዝመቱ ብቻ ነዳ። ጥቂት ይሞርዳል፣ ይለካል፤ እጁ ሲዝል ይተዋል፣ ሲያርፍ ይቀጥላል። ቁጣው አልለቀቀውም፤ ማዘግየቱን ግን ተማረ።

«ልያዝልህ?» አለችው ፀዳለ።

«አትያዢልኝ። አጠገቤ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ሞላው በሞርሳዋ ተጨምቆ ቦታው ሲገባ እሷም ትንፋሿን ውጣ ታይ ነበር።

በመከር ጠመንጃውን ይዘው ክለቡ ሄዱ። ግሌን አገላብጦ አየውና፣ «ሎኩን ማን ገጠመልህ?» ሲል ጠየቀ።

ተሻገር ቀኝ እጁን አነሳ።

ባሩድና ጥይት አጎረሰና ቃታውን ሳበ። ድንጋዩ ብረቱን መታ፤ እሳት የለም። ደገመ። አሁንም የለም። ከኋላው ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ፤ ግሌን እጁን ዘረጋ።

«ስጠኝ፣ እኔ ልሞክርልህ።»

«ወደ ኋላ በል!» አለው ተሻገር።

አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀና ድንጋዩን የያዘውን ብሎን አላላ፤ ስለታም ጎኑ ብረቱን እንዲያገኝ ድንጋዩን ገልብጦ መልሶ አጠበቀ። ጣቶቹ እንቢ እያሉት ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ ሁሉም ቆመው ጠበቁት። ሳበ። እሳቱ ረጨ፣ ባሩዱ ቦግ አለ፣ ሜዳው ጮኸ። ጥይቱ የዒላማውን ወረቀት ስቶ የተለጠፈበትን እንጨት ፈለጠው።

«ሳትከው!» አለ አንዱ።

«ጎሽ የኔ ሰው!» ብላ ጮኸች ፀዳለ፣ ጆሮዋን እንደያዘች። «ድገመው!»

ተሻገር ባሩዱን በቀኝ እጁ ሰፈረ። ግማሹ ሣሩ ላይ ፈሰሰ። እንደገና ሰፈረ።