ጳጉሜ ስድስት

እማማ እቴነሽ የልጃቸውን የተስፋነህን የሙት ዓመት ተዝካር አላወጣም ካሉ ይኸው ሁለተኛ ዓመታቸው። "ስልኩ ሳይጠራ?" ይላሉ። ስልካቸው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ የሠራው ራሱ ተስፋነህ ነዋ! ጾሙን በሉ፣ ማኅበሩን በሉ፣ አንድም ቀን ስቶባቸው አያውቅም። ከቄሱ ይልቅ እሱን ያምናሉ።

ጳጉሜ ሦስት ቀን የተስፋነህ ጓደኛ ሕሊና ልትጠይቃቸው ስትገባ ሁለት ሳህን ቀርቧል።

"ለማን ነው እማማ?"

"ለወንድምሽ ነዋ! ቀኑ ሳይመጣ ሞተ ይባላል እንዴ?" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ደግሞ የደህና ሰው ሳቅ ነው፤ እሱ ነው የባሰው። "ትናንትማ ሚጥሚጣ አበዛሽው ብሎ ተቆጣኝ።"

 ጥፋቱ የሕሊና ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕሊና አዲስ አበባ ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሶፍትዌር ስትሠራ ኖራ ነው ወደ ደብረ ታቦር የተመለሰችው። ይሄን መቁጠሪያ ግን ከተስፋነህ ጋር አሥራ አራት ዓመት ሠርተው ኮዱን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቀውታል፤ የፈለገ ይውሰደው፣ የፈለገ ያርመው። ስንት ሰው ስልክ ውስጥ እንደገባ እነሱም አያውቁትም። አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፦ አንዱ የጻፈውን ሌላው አይቶ ካላጸደቀው አይገባም።

አንድ ቀን ተስፋነህ ኮዱ ያለበት ገጽ ላይ "ጳጉሜ ስድስት የሞተ ሰው ሙት ዓመቱ መቼ ሊሆን ነው?" ብሎ ጻፈ። እውነቱን እኮ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ሕሊና "ደግሞ ማን ቀን መርጦ ይሞታል!" ብላ ስቃ ጥያቄውን ዘጋችው።

በ2015 ጳጉሜ ስድስት ቀን ተስፋነህ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ።

ከእማማ ቤት ወጥታ፣ በባጃጅ ቤቷ ደርሳ፣ ዝናብ የመታውን ፀጉሯን እንኳን ሳትጠርግ ላፕቶፗን ከፈተች። ሦስት መስመር ኮድ ናት በቃ። ስድስተኛዋ ቀን ከሌለች አምስተኛዋ ላይ ጥራ። ላከችው። ገጹም መለሰላት፦

"ተስፋነህን በመጠበቅ ላይ።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ያልነካችው ለዚህ ነበር። ለማለፍ የግድ ስሙን ከአጽዳቂዎቹ መሰረዝ አለባት። ፎቶው ደግሞ አጠገቡ አለ፤ ጉና ተራራ ላይ ኮፍያውን ነፋስ ሊወስድበት ሲል፣ በሁለት እጁ ይዞ።

"በል እንግዲህ አጽድቅልኛ፣ አንተ ሰነፍ!" አለችው ጮክ ብላ።

ጠበቀች። የምር ጠበቀችው! ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ዓይኗን ከገጹ አልነቀለችም። አንዴማ የሆነ ነገር የተንቀሳቀሰ መስሏት ብድግ ብላ ነበር።

ሰረዘችው።

በማግስቱ ሄዳ እማማ ስልክ ላይ አዲሱን መቁጠሪያ ጫነችላቸው። ጳጉሜ አምስት ጠዋት ተመልሳ አጠገባቸው ተቀምጣ እያለች ስልኩ ጠራ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡት። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አላለቀሱም።

"ቀኑን ማን አመጣው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ትንሽ ብታቆዪልኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?" አሉ ዝግ ብለው። "ይኸው በር ላይ ቆሟል። ግባ ልበለው ወይስ ሂድ?"

ሕሊና ጀርባዋ ለበሩ ነበር። ዞራ ማየት አቃታት።