ከኩሬው ወዲያ የጮኸችው ተርኪ

ቨርሎን በአንዲት ትንሽ የአላባማ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ አስተማሪ ነበር። በዚያ አካባቢ እሱ ትራምፔት ያላስነፋው ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ባንክ ቢገባ የድሮ ተማሪው፣ ጥርሱን ሊነቀል ቢሄድ ነቃዩ የድሮ ተማሪው። ሁሉም «ሚስተር ቲድሞር» እያለ ብድግ ይልለታል። አንድ ሰው ብቻ ብድግ አይልለትም። አማቱ ሚስተር ክሎቪስ ልጃቸውን ኦፓልን ከዳሩለት ቀን ጀምሮ፣ ይኸው አርባ ዓመት፣ አንድም ቀን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ጥሩምባ ነፊው» ነው የሚሉት። «ጥሩምባ ነፊው መጣ? በሉ የሚበላ ስጡት።» በቃ፣ ሰላምታው ይኸው ነው።

ሚስተር ክሎቪስ የራሳቸው ጥሩምባ ነበራቸው። ጣት የምታህል፣ ከጥድ እንጨትና ከላም ቀንድ በገዛ እጃቸው የሠሯት የዱር ተርኪ፣ ያ ዶሮ መሰል ትልቅ የአሜሪካ ወፍ፣ መጥሪያ ናት። በጸደይ፣ ወንዱ ተርኪ በሴት ፍለጋ በሚያብድበት ወራት፣ አዳኙ ዛፍ ሥር ተደብቆ በእሷ የሴቷን ድምፅ ያሰማል። ያ ጅል ደግሞ ጅራቱን ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እየተጎማለለ በገዛ እግሩ ወደ ጠመንጃው ይመጣል። የዛሬ ሰው ከሱቅ የገዛውን፣ ሲፋቅ የሚጮህ ትንሽ የእንጨት ሳጥን እየፋቀ ነው የሚጠራው። ሚስተር ክሎቪስ ሳጥን የሚፍቀውን ከሰው አይቆጥሩትም።

ምን ያደርጋል፣ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ጥርሳቸው አለቀ፣ ከንፈራቸው ላላ፣ ዓይናቸውም ጥላ ብቻ ቀረው። ጆሯቸው ግን ጉንዳን ቢያስል ይሰማል። ጥሩምባዋ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሥራ ፈታ ተቀመጠች።

«የምሰጠው ሰው አጣሁ» አሉ አንድ እሑድ ምሳ ላይ። «አብራኝ ትቀበራለች።»

ቨርሎን ሹካውን አስቀመጠ። «እኔ እማራለሁ፣ ጌታዬ።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንተ? ኧረ አንተማ ትነፋለህ!» ካሉ በኋላ ትንሽ አሰቡ። «እሺ። እዚህ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማህ ቁርጥ ተርኪ ከሆንክ ያንተ ናት። አለዚያ ከነኮቴ ይዣት መቃብር እወርዳለሁ። ኦፓል፣ ሰምተሻል!»

እውነቱን እንናገር ከተባለ ቨርሎን የፈለገው እንጨቷን አይደለም። ሽማግሌው ሳይሞቱ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ «ጎበዝ፣ ቨርሎን» ሲሉት መስማት ነው የፈለገው። ስድሳ ስድስት ዓመት ሆኖት፣ ሁለት የልጅ ልጅ አይቶ፣ ይኼ ነገር እንደ ትናንት ያቃጥለው ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ጥሩምባዋን ተቀበለ፣ ወገቡን ቀጥ አደረገ፣ ጉንጩን ነፋና ሠላሳ አራት ዓመት ባስተማረው ትንፋሽ እፍፍፍ አለባት። አንድ ሰው ዳክዬ ላይ የተቀመጠ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ቢስኪት የምትባለው ውሻ አላዘነችና ቤቱ ሥር ገባች።

«አትንፋ!» ጮኹ ሚስተር ክሎቪስ። «ሳብ! የሚሳብ ነው እንጂ የሚነፋ አይደለም! አየሩን ወደ ውስጥ!»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው፣ ምንም የማያውቅ መሃይም፣ በሦስት ቀን ይለምደዋል። የቨርሎን ከንፈር ግን አርባ ምናምን ዓመት የለመደው ተቃራኒውን ነው። ይስብና ይስብና መሃል ላይ ሳያውቀው ይነፋል። ሽማግሌውም አድርገው እንዳያሳዩት ከንፈር የላቸውም፤ በአፍ ብቻ ነው የሚያስተምሩት።

«ልጅ ሆነህ የማትወዳት አክስት አልነበረችህም?»

«ነበረችኝ፣ ጌታዬ።»

«ሳመኝ ስትልህ እንዴት ነበር የምትስማት? በከንፈርህ ጫፍ፣ ቶሎ ብለህ! እንደሱ አድርገህ ሳብ። ኧረ ወዲያ! ይኼማ ሚስት መሳም ነው።»

ኦፓል አንድ ሳምንት ቻለች። ከዚያ «ወይ እኔ ወይ እሷ» ብላ አስወጣችው። ቨርሎን ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ቀይ ሆኖ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይለማመድ ጀመር። አንድ ቀን ፓስተር ሆሊስ በዚያ ሲያልፉ አዩትና ደንግጠው መስተዋቱን አንኳኩ። «ቨርሎን፣ ወንድሜ፣ ምን ደረሰብህ? አብረን እንጸልይ?»

«ተርኪ እየተማርኩ ነው፣ ፓስተር።»

ፓስተሩ ለማንኛውም ጸለዩለት።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ ሚስተር ክሎቪስ ቀኑን ቆረጡ። «ነገ ማለዳ እዚያ ከቤቱ ታች፣ ከኩሬው ወዲያ ካሉት ጥዶች ሥር ተቀመጥ። ጠመንጃ አትያዝ፤ አንተ ነህ የምትፈተነው። እኔ ቡናዬን ይዤ በረንዳ ላይ ነኝ።»

ቨርሎን ገና ሳይነጋጋ ጥድ ተደግፎ ተቀመጠ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ከኩሬው ማዶ የበረንዳው መብራት ይታየዋል። ሊጀምር ሲል ከበላዩ ካለው ኮረብታ፣ ከዛፍ ላይ፣ አንድ ወንድ ተርኪ ጎልጎልጎል አለ። ቨርሎን ክው አለ። ፈተናውን ረሳ፣ አማቱን ረሳ፣ ከንፈሩን ረሳ። የማይወዳትን አክስቱን ብቻ አስታወሰና ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ አደረገ።

ያ የወጣው ድምፅ የሰው አልነበረም። ትንሽ የተቆጣች፣ ትንሽ የናፈቀች፣ «የት ነው ያለኸው አንተ?» የምትል ሴት ተርኪ ናት። ወንዱ ቃሏን አላስጨረሳትም፤ መለሰ። እሷ ለመነች፤ እሱ ከዛፉ ወረደ። ሃያ እርምጃ ድረስ መጥቶ፣ ጅራቱን ዘርግቶ፣ ጭንቅላቱ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ተሽከረከረ። ቨርሎን የሚተኩስበት የለውም፤ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወንዱ ሴቲቱን ፈልጎ ሲያጣ ተናዶ ሄደ።

ቨርሎን ጉልበቱ እያመመው አቀበቱን በሩጫ ወጣ። ሚስተር ክሎቪስ ፊታቸው በርቷል። ከጎናቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አደረጉለት፤ ይህም ሆኖ አያውቅም።

«ሰማሃት?» አሉት በሹክሹክታ።

«ማንን፣ ጌታዬ?»

«ሴቷን ነዋ! ዕድሜዬን ሙሉ ጫካ ስገባ እንዲህ ያለች ተርኪ ሰምቼ አላውቅም! አንጀቴን አራሰችው። አንተ ደግሞ፣ ተባረክ፣ ዝም አልክ። አሁን ነፍቶ ያባርራታል ብዬ ስሳቀቅ ነበር። በአርባ ዓመት ውስጥ ያደረግከው የመጀመሪያው አስተዋይ ነገር ነው።»

ኦፓል ከውስጥ እየተንደረደረች ወጣች። «አባዬ፣ እሱ እኮ ነው! ቨርሎን ነው!»

«ለባልሽ ብለሽ ዓይኔ እያየ አትዋሺ።»

«ዓይንህ መች ያያል?»

«ጆሮዬ ያያል! በይ እሱ ከሆነ እዚሁ ያሰማኛ!»

ቨርሎን ጥሩምባዋን ወደ ከንፈሩ አመጣ። ከደስታ ይሁን ከንዴት እንጃ፣ በሙሉ ሳንባው ነፋባት። ቢስኪት ቤቱ ሥር ገባች።

ሚስተር ክሎቪስ እጃቸውን ዘርግተው ጥሩምባዋን ወሰዱ፤ ከዚያ ዳብሰው ጉልበቱን አገኙና ቸብ ቸብ አደረጉት። «አይዞህ። ለሁሉም አይሰጥም።»

ከዚያ ወዲያ ስድስት ቀን ነው የቆዩት። በእነዚያ ስድስት ቀናት ፖስታ ያመጣውን ሰው፣ የልብ ሐኪማቸውን፣ ቁጥር ተሳስቶ የደወለውን ሳይቀር ይዘው ስለዚያች ተርኪ ነገሩ። በሰባተኛው ማለዳ ኦፓል ቡና ስታመጣ በረንዳው ወንበር ላይ፣ ጆሯቸውን ወደ ኩሬው አዘንብለው፣ አርፈው አገኘቻቸው።

በቀብሩ ቀን ፓስተር ሆሊስ ስብከታቸውን በተርኪዋ ጀምረው በተርኪዋ ጨረሱ። እግዚአብሔር ለሽማግሌው በመጨረሻ ዘመናቸው የላካት ናት አሉ። አዳኞቹ በሙሉ አለቀሱ። አንዱ ቨርሎንን ክንዱን ያዘው። «አንተ እዚያው አጠገቧ ነበርክ አሉ። እውነት እንደሚወራላት ናት?»

«መጥፎ አልነበረችም» አለ ቨርሎን።

የሬሳ ሳጥኑ ሊዘጋ ሲል ባልና ሚስቱን ለብቻቸው ተዉአቸው። ኦፓል ከአባቷ የአልጋ ራስጌ ያነሳቻትን ጥሩምባ ከቦርሳዋ አውጥታ በባሏ መዳፍ ላይ አኖረች። «ያንተ ናት። በሐቅ ያገኘሃት ናት። ኪስህ ክተታትና ዝም በል፤ ማን ያያል?»

ቨርሎን ጥሩምባዋን አገላብጦ አያት። ጎንበስ ብሎ የአማቱን ደረት ኪስ ከፈተ፣ ከተታት፣ የኪሱን ክዳን በጣቱ አስተካከለ።

ኦፓል ንዴቱም ሐዘኑም አንድ ላይ መጣባት። «ምን ነካህ አንተ? ስምህን እንኳ አንድ ቀን ሳይጠራ ለሞተ ሰው!»

«ታዲያ ስድስት ቀን ሙሉ» አለ ቨርሎን ዓይኑን በመሐረቡ እየጠረገ፣ «ሲያወሩ የከረሙት ስለ ማን መሰለሽ?»