ሃምሳ አለቃ ሽብሩና የቅዳሜ እንግዶች

ሃምሳ አለቃ ሽብሩ «ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጥተው ቤትዎን ያጸዱልዎታል» ሲባሉ ደማቸው ፈላ። ወይ ጉድ! እንግዳ ሊገባ ነው ተብሎ ቤት በቆሻሻው ይጠብቃል እንዴ? ባህል አዳራሽ ጀርባ ያለችው አንድ ክፍል ቤታቸው መጥረጊያ ከነካት ቆይታለች፤ እሳቸው ግን ወታደር ናቸው። ሰኞ ጀመሩ። ጦር ሜዳ ጥይት የመታውን እግራቸውን እየጎተቱ የሸረሪት ድሩን አወረዱ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጡ፣ ወለሉን ሦስት ጊዜ በሳሙና ፈተጉ። ዓርብ ላይ ወገባቸው አልቀና አላቸው። ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ስድስት ብርጭቆ ተውሰው፣ በፔርሙስ ሻይ ሞልተው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ጠበቁ።

ተማሪዎቹ መጥረጊያና ባልዲ ይዘው መጡ። አስተባባሪያቸው ሀያት ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየችና ተገረመች።

«አባባ፣ ቤትዎ እኮ ያበራል! ማን አጸዳልዎት?»

«ብቻዬን» ማለት እንደ ልመና ሆነባቸው።

«ልጆቼ» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። ልጅ የላቸውም።

«አልሐምዱሊላህ! እኛ የተላክነው ጠያቂ ለሌላቸው ነው» አለችና ስማቸውን ከዝርዝሩ ሰረዘች።

«ግቡና ሻይ ቅመሱ እንጂ!»

«ሌላ አባት እየጠበቁን ነው። ልጆችዎን ሰላም ይበሉልን።»

ተያይዘው ሄዱ። ሃምሳ አለቃ ሽብሩ የተማሪዎቹ ሳቅ ከመንደሩ እስኪጠፋ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከዚያ ገብተው ስድስቱን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ አጠቡና፣ ሰው የጠጣባቸው እንዲመስሉ፣ እርጥባቸውን ለጎረቤታቸው መለሱ።