የዘይት ቆርቆሮው ጋሻ

መካነ ሰላም ገበያ ላይ እጁ የሞላ ወደ ላይ፣ ያልሞላ ወደ ታች ይሄዳል። ከላይ እህል ተራ፣ ጨርቅ ተራና ከብት ተራ አሉ። ከታች፣ ዝናብ ሲመጣ ጭቃው ሁሉ የሚወርድበት ጥግ ላይ፣ ኮተት ተራ አለች። እዚያ ጆሮው የወለቀ ማንቆርቆሪያ፣ ጓደኛዋ የጠፋባት ጫማ፣ ጨርቁ አልቆ አጥንቱ የቀረ ጃንጥላ ይሸጣል። ይህን ደግሞ ማን ይገዛዋል የሚል ሰው ካለ፣ ድሃ ሆኖ የማያውቅ ነው።

በስልሳ ዘጠኝ ክረምት ማብቂያ ላይ እታገኘሁ አድማሴ ከዚያች ጥግ አልጠፋ አለች። በመስከረም፣ ለአብዮት በዓል፣ የኪነት ቡድኖች ሊወዳደሩ ነው። ከጎረቤቷ ከተማ ደጎሎዎችም ይመጣሉ፤ ያሸነፈው ደሴ ይሄዳል። የመካነ ሰላሙን ቡድን የሚመራው መምህር ጀብሪል፣ በረሃብ ዘመን ጎተራውን ቆልፎ የተቀመጠ ደጃዝማችን ታሪክ በቲያትር ጽፏል። ደጃዝማቹ ደረቱ ላይ የብረት ጥሩር አጥልቆ፣ የአንበሳ ለምድ ደርቦ፣ ጎራዴ ታጥቆ፣ ጋሻ አንግቦ መውጣት አለበት። መርፌ መያዝ ታውቃለች ተብሎ ይህ ሁሉ ትጥቅ በእታገኘሁ ላይ ወደቀ። "በምን ልሥራው?" ብላ ስትጠይቀው መምህር ጀብሪል ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳያት። ከጠመኔ አቧራ በቀር ምንም አልነበረበትም።

ቀላሉ እውነተኛ ጋሻ መዋስ ነበር። ነገር ግን በአካባቢው ጋሻ አልተረፈም። ገሚሱ በክፉው ቀን በገብስ ተለውጧል፤ ገሚሱ ተቀቅሎ ተበልቷል። ቆዳ ይበላል ወይ የሚል ካለም፣ እሱም ርቦት የማያውቅ ነው።

እታገኘሁ በልጅነቷ የምታውቀው አንድ ጋሻ ብቻ ነበር፤ የአባቷ። አድማሴ በወጣትነቱ ደጅ ረስቶት ቢያድር ጅብ ጠርዙን ቆርጥሞበት፣ ጠጉሩ ባልተላጨ ነጭ የጥጃ ቆዳ ጥፎታል። አገሩ ሁሉ በዚያ ነጭ መጣፊያ ያውቀው፣ ይቀልድበትም ነበር። በስልሳ ስድስት እህሉ ሲያልቅ ቤተሰቡን ይዞ እርዳታ አለ ወደተባለበት ወደ ደሴ መንገድ ሲነሣ፣ ጋሻ አንግቦ አይለመንምና ለጎረቤቱ ለአራጌ አደራ ሰጠው። አድማሴ ከመጠለያው አልተመለሰም። የእርዳታው ዘይት ቆርቆሮ በመኪና ሲደርስ እሱ ተቀብሮ ነበር።

እናትና ልጅ ሲመለሱ አራጌ አንገቱን ደፍቶ ጠበቃቸው። "የራበው ሰው ቤቴን ሰብሮ ገብቶ ጋሻውን ቀቅሎ በላው" አላቸው። በዚያ ዘመን ይህን ሐሰት ነው ማለት የሚችል ሰው አልነበረም። ንግሥቴ፣ የእታገኘሁ እናት፣ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ "የምትተኛበት የቆዳ ጠፍር አልጋ ሳይነካ ጋሻው ብቻ ተበላ?" አለችው። በከተማው የፍርድ ሸንጎ ሲቋቋም ንግሥቴ ከሰሰችው፤ ሰብሳቢው አያ ቢተው ነገሩን ሰምተው፣ "ልጄ፣ ልቤ ካንቺ ጋር ነው፤ ግን ያለ ምስክር ምን ላድርግ?" ብለው ሸኟት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ ለአራጌ ሰማዩ በጣም ርቆለት ነበር። ሱቅ ከፈተ፣ ወፈረም።

በዚያ አገር ወንድ ልጅ ሲሞት ጋሻውና ጦሩ ወጥቶ፣ ያን ይዘው እየፎከሩ ነው የሚያለቅሱለት። ንግሥቴ ግን ባዶ እጄን አላለቅስለትም አለች። ይኸው አድማሴ በሰው አገር ከተቀበረ ሦስተኛ ዓመቱን አልፏል፤ ለቅሶው አልወጣለትም። እናቲቱ ከዚያ ወዲህ ስሙን ጮክ ብላ ጠርታው አታውቅም። እታገኘሁን ከረሃቡ ይልቅ የሚበላት ይህ ዝምታ ነበር።

ኮተት ተራ ላይ የምትነግሠው እትዬ ሐረግ ናት። ጉልት ላይ ቁጭ ብላ፣ ዙሪያዋን ባዶ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ደርድራ፣ ለመጣ ለሄደው መልስ ትሰጣለች።

"ዛሬ ደግሞ ምን ልትወስጂ መጣሽ?"

"ጥሩር፣ እትዬ ሐረግ።"

"ትናንት ሸጥኩት። ጎራዴ ግን አለ" አለችና የጃንጥላ አጥንት አንሥታ ሰጠቻት።

እታገኘሁ አልሳቀችም። የጃንጥላውን አጥንት ተቀብላ ጎበጥ ቀና አደረገችው፤ ለለምዱ ማቀፊያ ይሆናል። ከጠላ ቤቱና ከቡና ቤቱ ደጃፍ የለቀመችውን የጠርሙስ ቆርኪ በከረጢት አንጠልጥላ ነበር የመጣችው። እያንዳንዱን በድንጋይ ጠፍጥፋ፣ በምስማር በስታ፣ ጆንያ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደራርባ ስትሰፋው ጥሩር ሆነ። ሲራመዱበት ይንሿሿል። የተፈታ የቃጫ ገመድ ከሻይ ቤት በለመነችው የሻይ ዝቃጭ ነክራ የአንበሳ ጎፈር አወጣች። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት እንጨት ላይ ለጥፋ ጎራዴ ሠራች። ማጣበቂያው ብቻ ነበር ከእናቷ ያጣላት። ጥቂት ዱቄት በውኃ ላፍላ ብትል ንግሥቴ ከእጇ ነጠቀቻት።

"ዱቄት ለሙጫ? በኔ ቤት? ሰው ለዚች ሞቶ?"

እታገኘሁ አፈረች። ወጥታ ከግራር ግንድ ሙጫ ለቅማ መጣች፤ በኋላ ሲታይ ከዱቄቱ የበለጠ ያዘ።

የቀረው ጋሻው ነበር። እትዬ ሐረግ ነጠላዋን እንድትቀምቅምላት ተስማምታ፣ ትልቁን የዘይት ቆርቆሮ ሰጠቻት። ፊቱ ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች ሥዕል አለበት። እታገኘሁ ያን ሥዕል አትወደውም። መጠለያው ውስጥ ዘግይቶ ሲወርድ ያየችው እሱ ነው፤ ስታየው አባቷ የተቀበረበት አፈር ይመጣባታል። ቢሆንም ዘረጋችው፣ በክብ ቆረጠችው፣ ከመሃል እስከ ጠርዝ ሰንጥቃ ጫፉን ደራርባ ስትመታው እምብርቱ ጎላ ብሎ ወጣ። ሥዕሉን ወደ ውስጥ አደረገችው፤ ማንም እንዳያየው። ፊት ለፊቱን ከመኪና መቆሚያው በለመነችው አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ወጥራ አለበሰችው፤ ጎማውን በጥላሸትና በጧፍ ስታሸው የጎሽ ቆዳ መስሎ ጠቆረና አብለጨለጨ። ከዚያ እጇ ሳያስፈቅዳት ጠርዙ ላይ ነጭ የበግ ቆዳ ቁራጭ አኖረችና፣ አባቷ በሰፋበት ስፌት፣ በቀይ ክር ሰፋችው።

መምህር ጀብሪል ሲያየው ከት ብሎ ሳቀ። "ደጃዝማቹ የተጣፈ ጋሻ ይይዛል እንዴ?"

"እኔ የማውቀው ጋሻ እንዲህ ነው፣ መምህር። መጣፊያው ይነሣ ካሉ ሌላ ሰው ያምጡ።"

"አብሽሪ፣ ይሁን። ከቆርኪ ጥሩር ላወጣች ሴት መጣፊያ አልከለክልም።"

የበዓሉ ዕለት ዝናቡ ሲንዠቀዠቅ ዋለ፤ ቲያትሩም ወደ ቀበሌው የእህል መጋዘን ተዛወረ። መጋረጃው ከጆንያ ነው። በሰሌኑ ላይ ከተሜው፣ በግድግዳው ጥግ ባላገሩ ታጨቀ። አራጌ ለበዓሉ መብራት ማሾ ፋኖስ በመስጠቱ ከፊት ረድፍ፣ ከአያ ቢተው አጠገብ ተቀምጧል። ደጎሎዎች ተራቸውን ጨርሰው ደረታቸውን ነፍተዋል።

ውበቱ፣ ደጃዝማቹን የሚጫወተው ድምፀ ጎርናናው የመኪና ረዳት፣ ከመጋረጃው ወጣ። በማሾው ጭላንጭል ጥሩሩ አብረቀረቀ፣ ጎፈሩ ተንቀጠቀጠ። ጋሻውን መትቶ "ዘራፍ!" ሲል መጋዘኑ ሙሉ ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ። እታገኘሁ ከጆንያው በስተጀርባ ሆና ሳቀችም አለቀሰችም። ቆርቆሮ መሆኑን የምታውቀው እሷ እንኳ ለአፍታ ረስታው ነበር።

አራጌ ከመቀመጫው ተነሣ። እጁ ወገቡ ላይ የታሰረውን ቁልፍ ይፈትሻል።

"አቁሙልኝ" አለ። "ያ ጋሻ የኔ ነው። ቤቴ ተሰብሯል።"

ውበቱ ፉከራውን ዋጠው። አያ ቢተው ቀና ብለው፣ "የምን ጋሻ ነው፣ አራጌ? አንተ ጋሻ ኖሮህ ያውቃል?" አሉት።

"ይኸው እኮ ነው። ነጩን መጣፊያ አያዩትም? ዛሬ ጠዋት ሳንዱቄ ውስጥ ነበር። ለደሴ ነጋዴ ልሸጠው ያስቀመጥኩት ነው። ሌቦች ናቸው፣ ይያዙልኝ።"

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። አራጌም የሰረቀውን የሰረቁት መሰለው።

አያ ቢተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ነጭ መጣፊያ ያለው ጋሻ የማን ነበር?"

ከጥግ፣ ከባላገሩ መሃል፣ "የአድማሴ" የሚል ድምፅ መጣ። ሌላው ተቀበለው፤ መጋዘኑ በሙሉ "የአድማሴ፣ የአድማሴ" ተባባለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ የሚመልሰው የለም።

እታገኘሁ ጆንያውን ገልጣ ወጣች። ጋሻውን ከውበቱ ተቀብላ ገለበጠችውና ለሕዝቡ አሳየችው። የተጨባበጡት እጆች በማሾው ብርሃን ወለል ብለው ታዩ። በጣቷ ኳ ኳ ስታደርገው ባዶ ቆርቆሮ ጮኸ።

"ጋሼ አራጌ፣ ይኼ የእትዬ ሐረግ የዘይት ቆርቆሮ ነው" አለች። "የአባቴ ጋሻ ግን እንዳልተበላ አሁን በሰው ፊት ነገሩን። ሳንዱቁንም ነገሩን። እግዜር ይስጥልን።"

በመጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ሐረግ ናት። ከዚያ ሳቁ መጋዘኑን ሞላው፤ ከሳቁ መሃል እልልታ ተነሣ። አያ ቢተው ምስክር ፍለጋ ዙሪያቸውን አዩና፣ መጋዘን ሙሉ ሆኖ አገኙት። ሁለት ሰው ከአራጌ ጋር ላኩ። ቲያትሩ ሳያልቅ እውነተኛው ጋሻ በጨርቅ ተጠቅልሎ ገባ። ውበቱ በሱ ልጨርስ ብሎ ለመናት። "ይኼኛው አይጫወትም" አለችና አቅፋው ተቀመጠች።

መካነ ሰላም አንደኛ ወጣ። ከሌላ አገር የመጡት የውድድሩ ዳኞች የወደዱት ያን ከፊት ረድፍ ተነሥቶ የጮኸውን ስግብግብ ነጋዴ ነበር፤ እንዲህ ያለ ተዋናይ አላየንም አሉ። ደጎሎዎች እኛ ተዋናይ ይዘን መጣን፣ እናንተ ሌባ ይዛችሁ መጣችሁ፣ ይህ ውድድር አይደለም ብለው ተከራከሩ። ማንም አልሰማቸውም።

ወደ ደሴ ከመሄዳቸው በፊት፣ እሁድ ቀን፣ የአድማሴ ለቅሶ በመንደሩ ሜዳ ላይ ወጣ። የሞቱን ወሬ ከዓመታት በፊት የሰማው አገር ሁሉ እንደ አዲስ መርዶ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ጋሻው በነጭ ጨርቅ ላይ ቆመ። እታገኘሁ የቆርቆሮውን ከኋላዋ ሸሽጋ ይዛ ነበር፤ በማግስቱ ለደሴው መንገድ ስለምትፈልገው ነው ያመጣችው። እናቷ አየቻት።

"ወዲህ አምጪው" አለች ንግሥቴ።

"እማዬ፣ ይኼ እኮ ቆርቆሮ ነው።"

"አውቃለሁ። ያን ጊዜ ዘግይቶ መጣ፤ አሁን ግን ደረሰልን። ምስክርም ነው፤ ምስክር ከኋላ አይቆምም።"

ተቀብላት ሁለቱን ጋሻ ጎን ለጎን አቆመቻቸው፤ ነጭ መጣፊያቸው ትከሻ ለትከሻ ገጠመ። ከዚያ መቀነቷን አጠበቀች፣ ወደ ሜዳው መሃል ወጣች፣ የባሏንም ስም ድምጿን ከፍ አድርጋ ጠራች።