የማይበሳው ሹካ

መብራቱ ቀይ ሆነ፤ የኢኔዝ ካርቫሃል ቀኝ ጉልበት ግን አልታዘዝም አለ።

እንደ ወትሮዋ ክብደቷን ወደ መሪው አሳልፋ፣ ሁለቱን እግሮቿን ገትራ የኋላውን ጎማ ልትቆልፈው ሞከረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሳን ፍራንሲስኮ ቁልቁለቶች ላይ ሳይክሏን ያቆመችው በዚሁ ብቻ ነው። ፍሬን የለውም። ፔዳሉ ከኋላው ጎማ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም ይዞራል፤ መቆም የፈለገ ሰው የገዛ እግሩን ነው የሚያቆመው። ዛሬ ግን ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለና ፔዳሉ እግሯን ይዞ መዞሩን ቀጠለ።

መስቀለኛ መንገዱን በቀይ መብራት አቋረጠችው። ከግራ በኩል አትክልት የጫነ መኪና ደረሰባት፤ ጎማው ሲጢጥ ሲል ሰማች። ከዚያ ማዶ፣ አንድ የጫማ መደብር በር ላይ በተቆለለ ባዶ ካርቶን ውስጥ ገብታ ቆመች።

"ሰላጣ ነው የጫንኩት፣ ሬሳ አይደለም!" ብሎ ጮኸባት ሹፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ።

የመደብሩ ሠራተኛ ካርቶኖቹን ከላይዋ እያነሣ፣ "ፍሬኑ ተበጠሰብሽ?" አላት።

"የለኝም።"

"ምን የለሽም?"

"ፍሬን።"

ሰውዬው ከራስ ቁሯ ሥር ያፈተለከውን ሽበት አየና ካርቶኑን መደርደር ጀመረ። ቢሰድባት በተሻላት ነበር።

ሳይክሉን እየገፋች በጉሙ ውስጥ ተጓዘች። ሐምሌ በዚህ አገር የበጋ ወር ቢሆንም ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጉልበቷን የሚያሽላት ባለሙያ ከሦስት ሳምንት በፊት ያላት ቃል ጆሮዋ ላይ ቀርቷል። "መንዳት ትችያለሽ" ነበር ያላት። "ማቆም ነው የማትችይው።" ማታ ለባሏ ለዱዌይት ስትነግረው፣ "ይህንንማ እኔም ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ አውቃለሁ" ብሎ ሳቀ። ዱዌይት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሳቁን ሲጨርስ ግን እጇን ያዘና፣ "እባክሽ" አለ።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ የሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ። በዚያ ቀን የከተማዋ የድሮ መልእክት አመላላሾች በየዓመቱ ከትልቁ ኮረብታ አናት ላይ ተሰብስበው እስከ ባሕሩ ድረስ በአንድነት ይወርዳሉ። ኢኔዝ የፍርድ ቤት ወረቀትና የሕንፃ ንድፍ በጀርባዋ ተሸክማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሮጣለች። ወረቀቱ ሁሉ በስልክ መላክ ሲጀምር ሥራው ሞተ፤ አሁን አበባ በሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ ስልክ ታነሣለች። ያቺ ቅዳሜ ግን አልሞተችም። ሕጓ አንድ ነው፤ ሳይክሉ ላይ ፍሬን ያለበት ሰው ከሰልፉ ወጥቶ የምሳውን ሳንድዊች ከጫነችው መኪና ጋር ይወርዳል። "እገሌ ከሳንድዊቹ ጋር ወረደ" ከተባለ፣ ያ ሰው አለቀለት ማለት ነው። በዚህ ቀልድ ከሁሉ በላይ የምትስቀው ኢኔዝ ነበረች።

የሌስተር ቾው የሳይክል መጠገኛ ሲከፈት ደረሰች። ሌስተር አምሳ አምስት ዓመት ሞልቶታል። አብረው መልእክት ያመላልሱ ነበር። ከሰዓት በፊት ፊቱን ፈታ አድርጎ አያውቅም። ሳይክሏን ተቀብሎ ከጎማው ሽቦ መሃል የካርቶን ቁራጭ መዘዘ።

"ቁርስሽን በልተሽ መጣሽ?"

"አትቀልድ። ጉልበቴ ከዳኝ። መኪና ሊጨፈልቀኝ ነበር።"

ሌስተር ቁራጩን ይዞ ቆመ። "ተጎዳሽ?"

"አልተጎዳሁም። ሌስተር፣ ፍሬን ግጠምልኝ።"

ሌስተር ቀና ብሎ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ወደ ተሰቀለው የእንጨት ሰሌዳ ተመለከተ። በቀይ ቀለም እንዲህ ይላል፦ "በዚህ ቤት ሹካ አይበሳም።" የኢኔዝ የእጅ ጽሑፍ ነው።

የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው የብረት ሹካ ነው፤ ፍሬን የሚታሰረውም በሹካው ራስ ላይ ባለ ቀዳዳ ነው። የኢኔዝ ሹካ ቀዳዳ የለውም። ሳይክሉን ኦሳካ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በእጁ የሠራው ፍሬን ለተከለከለበት የውድድር ሜዳ ነበርና ሹካውን ድፍን አድርጎ ተወው። ከሥሩ ማኅተሙን መታበት። እንዲህ ያለውን ሹካ መብሳት በነሌስተር ዘንድ በታቦት ላይ ምስማር እንደ መምታት ነው።

"የሠራው ሰው ሞቷል" አለ ሌስተር። "አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው። አይደፈንም።"

"አውቃለሁ።"

"ሌላ ሹካ ብገጥምበት ደግሞ የሰው ጥርስ እንደ ማስተከል ነው። ቁመናው ይጠፋል።"

"ሌላማ አልፈልግም።"

"ደግሞስ የአንቺን ከበሳሁ ነገ ሁሉም ሹካውን ተሸክሞ ይመጣል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።"

"እኔን ነው ውሻ ያልከኝ?"

"ጅብ ከምልሽ አይሻልም?"

በሩ ተከፈተና አሸር ገባ። ሁለት በሮች አልፎ ያለው ቡና ቤት የእሱ ነው፤ ጢሙን በሰም ጠቅልሎ ወደ ላይ ያቆመ፣ የቆዳ ሽርጥ የታጠቀ፣ ክንዱ ላይ የሳይክል ካቴና የተነቀሰ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው። በየማለዳው ለሌስተር ቡና ያመጣለታል። ኢኔዝን ሲያይ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ አለ።

"እንደምን ነዎት?"

"'ነዎት' አትበለኝ ብዬሃለሁ። ጉልበቴ ይሰማል።"

አሸር ሳይክሉ ከብረት መንከሻው ከሞርሳው አጠገብ መቆሙን አየ፤ ከዚያ የሁለቱን ፊት አየ። "ሊሸጡት ነው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"መጣ ባለ ጢሙ" አለ ሌስተር። "አሞራ ሬሳ የሚሸተው ከየት ነው ስል ነበር።"

አሸር ሳይክሉን ሲለምናት ዓመት አልፎታል። ቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲህ ያሉ አራት ሳይክሎች ተሰቅለዋል፤ አምስተኛው የኢኔዝ እንዲሆን ይፈልጋል።

"ሦስት ሺህ ዶላር" አለ። "ከዚያ በላይ ደግሞ ዕድሜ ልክ ቡና በነፃ።"

"የማን ዕድሜ?" አለ ሌስተር።

"የእሳቸው።"

"ተው፣ ታከስርሃለች።"

አሸር አልሳቀም። "ቦታውን አዘጋጅቻለሁ። ለብቻው መብራት አስገብቼለታለሁ። ዝናብ አያየውም፣ ማንም አይነካውም። ሽማግሌው እንደሠራው እንዲሁ ድፍኑን ይኖራል።"

ኢኔዝን ሐሳቡ ሳይታሰብ አማራት። ሹካው ሳይበሳ፣ እሷም በማንም ፊት ፍሬን ሳትይዝ፣ ነገሩ በክብር ያልቃል። ነገ ኮረብታው ላይ "ሳይክሏስ?" ቢሉ "ግድግዳ ላይ ነው" ይባላል፤ ያ ከሳንድዊቹ ጋር ከመውረድ ይሻላል። ከተሰቀለው ሳይክል ሥር ሰዎች ዳቦ ላይ የተቀባ አቮካዶ ሲበሉ ይታያት ነበር፤ እሱንም ችላ እሺ ልትል ስትል፣ ለነገሩ ያህል ጠየቀችው።

"እነዚያን አራቱን መቼ መቼ ትነዳቸዋለህ?"

"እኔ? እኔ እንኳ አልነዳም።"

"ክንድህን እንዲህ ተነቅሰህ?"

የአሸር ጆሮ ቀላ። የቡናውን ኩባያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ወደ ሰሌዳው አነሣ።

"ይሄ የተጻፈው በእኔ ምክንያት ነው" አለ።

"በምን ምክንያት?"

"ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። ተማሪ ነበርኩ። የትምህርት ዕረፍቱን ሙሉ ሰሃን አጥቤ አንድ አረንጓዴ ሳይክል ገዛሁ። የሚያምር ነበር፤ ግን ቁልቁለቱን ስፈራ ጊዜ ፍሬን ላስገጥም ወደዚህ መጣሁ። እርስዎ እዚያ ጋ ቆመው በቂጣ የተጠቀለለ በሪቶ ይበሉ ነበር። 'ፍሬን ከፈለግህ አውቶቡስ ተሳፈር፣ እሱ ፍሬን አለው' አሉኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሳምንቱ ሳልፍ ሰሌዳው ተሰቅሏል።"

"ከዚያስ?" አለች ኢኔዝ።

"ያለ ፍሬን ሦስት ቀን ነዳሁ። በአራተኛው ወደቅሁና ትከሻዬ ወለቀ። ትከሻው ዳነ፤ ሳይክሉ ላይ ግን ተመልሼ አልወጣሁም። ለመሸጥ ደግሞ አሳዘነኝ፣ ሰቀልኩት። ከዚያ ሌላ ገዝቼ ሰቀልኩ። ደንበኛ ሁሉ 'ትነዳለህ?' ይለኛል። 'ድሮ' እላለሁ።" ፈገግ ሊል ሞከረ። "ድሮዬ ሦስት ቀን ነው።"

ኢኔዝ በሪቶውን አስታወሰች። ቀዩን ቀለም፣ የሳቁንም ጣዕም አስታወሰች። የልጁን ፊት ግን የቱንም ያህል ብትቆፍር አላገኘችውም። ያን ቀን የቀለደችበት አውቶቡስ ውስጥ ዛሬ ባሏ ተቀምጧል፤ ሃምሳ ሰው ይዞ እየወረደ ፍሬኑን በየጣቢያው ይረግጣል፣ ማንም አይስቅበትም።

"ሌስተር" አለች። "ሹካውን ፍታው።"

"ኢኔዝ…"

"ፍታው ወንድሜ። ካልፈታኸው እኔው እፈታዋለሁ፤ ብሎኑን ሳበላሽ ቆመህ ታያለህ።"

ብሎን ሲበላሽ ማየት ሌስተር የማይችለው ነገር ነው። ቁልፉን አነሣ። ጎማውን አወለቀ፣ መሪውን ነቀለ፣ ሹካውን አውጥቶ በጨርቅ ወለወለው። ሦስት ጊዜ ለካ። ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ጀርባውን ለሁለቱም እንደ ሰጠ፣

"እኔ በባቡር ስመጣ ሁለት ዓመቴ ነው" አለ።

"ምን?"

"ወገቤ እምቢ ብሎኛል። ሳይክሌን ይዤ በባቡር እመጣለሁ፣ ከጣቢያው እስከዚህ እየገፋሁ አመጣዋለሁ። ሰው እንዲያየው ብዬ።"

ኢኔዝ መሳቅ ጀመረች፤ መሳቋ ደግሞ ማልቀስ መሰለባት፣ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። "ታዲያ ትናንት 'በነፋሱ ተሠቃየሁ' ያልከኝስ?"

"ጣቢያው በር ላይ ነፋስ አለ።"

ሌስተር የሚበሳበት ቦታ ላይ ነጥብ መታና መሰርሰሪያውን ሰካ። ከዚያ ዙሪያውን ማየት ጀመረ። "ከኋላው እንጨት ያስፈልገኛል። ካልደገፍነው ብረቱ ሲወጣ ይቦጨቃል።"

ከጠረጴዛው ሥር እንጨት አልነበረም። ኢኔዝ በደህና እግሯ ወንበር ላይ ወጣች፣ ሰሌዳውን ከምስማሩ ነቀለችና ሰጠችው። ሌስተር ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ፤ ከሹካው ኋላ አድርጎ ሞርሳውን አጠበቀ። መሰርሰሪያውን ግን ወደ እሷ ዘረጋ።

"የጻፍሽው አንቺ ነሽ።"

ዘይት ጠብ እያደረገላት በሳችው። በቀጭኑ ጀምራ በወፍራሙ ጨረሰች። እንደ ፀጉር የቀጠነ የሚያብረቀርቅ ብረት እየተጠቀለለ ጫማዋ ላይ ወደቀ። ያስፈራት የነበረው ጊዜ ሲመጣ ምንም አልነበረም፤ መሰርሰሪያው ብረቱን ጨርሶ እንጨቱ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ለስለስ አለ፣ አለቀ። ሌስተር ቀዳዳውን በቀጭን ሞረድ አስተካክሎ እንዳይዝግ ቀለም ቀባው። ከመሳቢያው ጥግ፣ በጨርቅ ከተጠቀለለ ነገር ውስጥ አንድ አዲስ ፍሬን አወጣ። ለማን ገዝቶ እንዳስቀመጠው ሁለቱም አልጠየቁትም።

ሁሉም ተመልሶ ሲገጠም ኢኔዝ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥታ አሽከረከረችው። በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገች። ጎማው ቆመ። ጉልበቷ ወሬውንም አልሰማም።

"እንግዲህ ነገ ከሳንድዊቹ ጋር ነሻ" አለ ሌስተር።

"ከፊት ነኝ። ቅር ያለው ካለ ሳንድዊቹን በጀርባው ይሸከም።" ወደ አሸር ዞረች። ቡናው ቀዝቅዞ፣ ደንበኞቹን ረስቶ እዚያው ቆሟል። "ያ አረንጓዴው የትኛው ነው?"

"ከቡና ማሽኑ በላይ ያለው።"

"አውርደህ ወደዚህ አምጣው።"

"አሁን? ቤት ውስጥ ሰው አለ እኮ።"

"ያዩሃላ። እኔ ከኋላህ ቆሜ መሰላሉን እይዝልሃለሁ ብል ጉልበቴ አይችልም፤ ብቻህን ቻለው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ኮረብታው አናት ላይ እንገናኛለን። ቁልቁለቱን አብረን እንወርዳለን፣ በቀስታ።"

አሸር ሽርጡን እንደ ታጠቀ በሩን ገፍቶ ወጣ፤ በመስታወቱ ውስጥ ሲያዩት መጀመሪያ ይራመድ ነበር፣ ከዚያ ሮጠ።

ሌስተር የብረቱን ቁርጥራጭ ጠረገ። ሞርሳው ላይ የቀረውን ሰሌዳ ወደ ቦታው ሊመልስ ሲያነሣ ኢኔዝ እጁን ያዘች።

"ተወው፣ እዚያው ይቆይ" አለች። "ገና ለሌላ ቀዳዳ ቦታ አለው።"